ከጤና ኬላ እስከ ጥቁር አንበሳ፦ የጡት ካንሰር ምርመራ ወደ ገጠር የሄደበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1997 አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ አንድ የኮባልት ማሽን ሥራ ጀመረ። የመጣው በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ሌላ ቦታ አልተከፈተም። ከሑመራ የመጣም፣ ከሞያሌ የመጣም፣ ከጋምቤላ የመጣም ጨረር ከታዘዘለት መድረሻው ያው ነበር። ወረፋው ብዙም ሳይቆይ በወራት መቆጠር ጀመረ። ወረፋ ከሚጠብቁት ውስጥ የማሕፀን በርና የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች በርካታ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 እዚያ የታከሙ ከ1,000 በላይ የጡት ካንሰር ታማሚዎች መዝገብ ተሰብስቦ ሲጠና ሁለት ነገሮች ጎልተው ወጡ። አንዱ ዕድሜያቸው ነው፤ ግማሽ ያህሉ ከ43 ዓመት በታች ነበሩ። ሌላው የእባጩ መጠን ነው፤ መካከለኛው ልክ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የዶሮ እንቁላል ያህል ሆኖ ተገኘ። በሀብታም አገሮች ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ፈልጎ የሚያገኘው እባጭ ብዙ ጊዜ ገና በእጅ የማይዳሰስ ነው። ይህኛው ግን ማሽን አይፈልግም። ሴቲቱ ገላዋን ስትታጠብ፣ ልጇን ስታጠባ፣ እንስራ ለማዘል ስትጎነበስ ካወቀችው ሰንብታለች። የኢትዮጵያን ገጠር በተመለከተ መጠየቅ ያለበት ታዲያ እባጩን ማን አየው የሚለው አይደለም፤ ሴቲቱ ካወቀችው በኋላ ሐኪም እስኪያየው ያለው ጊዜ የት ሄደ የሚለው ነው።

የተወሰነው ጊዜ የሚያልቀው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ታማሚዎችን፣ ቤተሰቦቻቸውንና ጤና ሠራተኞችን ጠይቀው ያገኙት መልስ ሌላ አካባቢ ለኖረ ሰውም እንግዳ አይደለም። የጡት ካንሰር ሲጀምር አያምም። በገጠር ሐኪም ቤት የሚኬደው ሲያም፣ ሲያተኩስ፣ ከሥራ ሲያስቀር ነው። የማያም ነገር ይዞ ጤና ጣቢያ መሰለፍ፣ ያውም በአጨዳ ሰሞን፣ ሥራ ፈትነት ይመስላል። የምታጠባ ሴት ጡቷ ሲያብጥ ደግሞ ወተት ቋጥሮ ነው፣ ምች ነው ትባላለች፤ አብዛኛውን ጊዜም የተባለው እውነት ሆኖ እብጠቱ በሳምንት ይበርዳል። አንድ ቀን ግን ሳይበርድ ይቀራል።

ቀጥሎ የአገር መድኃኒት አለ። የባህል መድኃኒት ጥናቶች ብሳናና ቁልቋልን ለእባጭና ለቁስል ከሚታዘዙ ዕፀዋት መካከል ይመዘግቧቸዋል። መበጣትና መተኮስም አለ። ጸበልም አለ። ጸበል የምትጠመቅን ሴት ሐኪም ቤት አትሂጂ የሚላት የእምነት ሕግ የለም፤ ብዙዎች ሁለቱንም ይሄዱባቸዋል። ጉዳት የሚያመጣው ቅደም ተከተሉ ነው። ሱባኤው እስኪያልቅ፣ የመድኃኒት አዋቂው የሰጠው ቅባት እስኪሞከር፣ እህል ተሸጦ ብር እስኪገኝ ሲባል እባጩ የራሱን ሥራ ይሠራል። ወደ ብብት ይሻገራል፤ እዚያም ንፍፊት የሚመስል ጓጎል ያወጣል።

ፍርሃቱም ቀላል አይደለም። ጡት ተቆርጦ መመለስ አለ፤ ከዚያ በኋላ ትዳሩ ምን ይሆናል የሚል ሥጋት አለ። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን መንደሩ በዓይኑ ያየው ነው፦ ከተማ ሄደው የታከሙ ሁለት ሦስት ሴቶች ተመልሰው ሞቱ። የሄዱት ሕመሙ ከጸና በኋላ መሆኑን የሚያስታውስ የለም፤ ሆስፒታል መሄዳቸውና መሞታቸው ግን ተያይዞ ይታወሳል። ይህን የገበሬ አላዋቂነት ብሎ ማለፍ ለጤና ባለሙያ ይቀለዋል። መንደርተኛው ግን ያየውን ቆጥሮ የደረሰበት ድምዳሜ ነው። እንዲህ ያለውን ድምዳሜ ፖስተር አይለውጠውም፤ ቀድማ ሄዳ ድና የተመለሰች ጎረቤት ግን ልትለውጠው ትችላለች።

ቀሪው ጊዜ የሚያልቀው በጤና ተቋሙ በኩል ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ አይነገርም። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ፣ ሐኪም ቤት በታክሲ በሚደረስበት ከተማ፣ ምልክቱን ካዩ በኋላ ከ3 ወር በላይ ቤታቸው የቆዩት ከሦስቱ አንዷ ገደማ መሆናቸውን አንድ ጥናት አሳይቷል። ብዙዎቹ ግን የሕክምና በር ካንኳኩም በኋላ የምርመራ ውጤት እስኪነገራቸው ረጅም ጊዜ ጠብቀዋል። ‘ምንም አይደለም፣ የወተት ነው’ ማለት የመድኃኒት አዋቂው ብቻ ስህተት አልነበረም፤ ጤና ተቋሙም እንዲያ ብሎ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሰጥቶ ይሸኝ ነበር።

ይህን ጊዜ ለማሳጠር ለገጠሩ ሕዝብ ጤናን ቤቱ ድረስ ማድረስ ያስፈልጋል፤ ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም፤ የጎንደር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በማግስቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። ኮሌጁ ሐኪም አላሠለጠነም። ያሠለጠነው ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒቴሪያን ነበር፤ ሦስቱ በቡድን ሆነው ወረዳ ወርደው ጤና ጣቢያ እንዲያቋቁሙ፣ ጤና ጣቢያ ተቀምጠውም እንዳይቀሩ ወደ መንደሩ እንዲወጡ ታስቦ ነው። በዚያን ዘመን ለነበረች አገር ይህ ድፍረት ያለበት አስተሳሰብ ነበር። የጎንደር ምሩቃን ገጠር ለገጠር ዞረው ያከሙት ትውልድ ዛሬም አልጠፋም።

ቤት ለቤት ፍለጋ ምን ያህል እንደሚሠራ የታየው ግን በፈንጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ፣ ቆይቶም በሄሊኮፕተር አገሩን አሰሱት። የያዙት ዋና መሣሪያ የታማሚ ሰው ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ ነበር። ገበያ መሃል፣ ትምህርት ቤት፣ ደጀ ሰላም ካርዱን እያሳዩ ‘እንዲህ ያለ ሰው የት አያችሁ?’ ብለው ይጠይቃሉ። ማንበብ አያስፈልግም፤ ላብራቶሪ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ በኦጋዴን፣ ዲሞ በተባለች መንደር ተገኘ። ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ አገሪቱ ከፈንጣጣ ነጻች ማለት ነው። ካንሰር ላይ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ካርድ ቀደም ብለው ቢያስታውሱት መልካም ነበር። የተሰረጎደ ቆዳ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ካንዱ ጡት ብቻ የሚወጣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ በሥዕል ሊታዩ የሚችሉ ናቸው።

ደርግ ከመጣ በኋላ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ1978ቱ የአልማ አታ የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ጉባኤ ወዲህ፣ ከየገበሬ ማኅበሩ የተመረጡ የጤና ወኪሎችና የልምድ አዋላጆች ሥልጠና ወሰዱ። ነገሩ ጥሩ ጅምር ነበር። ደመወዝ ግን አልነበረውም፤ ጦርነቱና ረሃቡም ተጨመረበት።

ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ተመደቡ። ዐሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑና ደመወዝተኛ የሆኑ ናቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። ጤና ኬላ ተሠራላቸው፤ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ማኅደርም ተከፈተ። የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ አጎበር፣ ክትባት፣ የወሊድ መከላከያ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፤ በመጀመሪያው ዝርዝር 16 ፓኬጆች ነበሩ። የጡት ካንሰር ከመካከላቸው አልነበረም። ሕፃናት በተቅማጥ፣ እናቶች በወሊድ በሚያልቁበት ዘመን ይህን ማስቀደም አያስወቅስም። ውጤቱ ግን አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ ጡት ማጥባት ለአንዲት እናት ብዙ ጊዜ አስተምራ፣ ስለዚያው ጡት እባጭ ግን አንድም ቃል ሳትነግራት ልትወጣ የምትችል መሆኑ ነው።

ሠራተኞቹ ሴት መሆናቸው በኋላ ለተከተለው ሁሉ ወሳኝ ሆኗል። ወንድ ነርስ ፊት ደረቷን መግለጥ የምታፍር ሴት ለእህቷ ወይም ለጎረቤት ልጅ ለምትቆጥራት ልብሷን ለማውለቅ አትቸገርም። በነፍሰ ጡር እናቶች ጉባኤ ላይ ቡና ተፈልቶ፣ ገንፎ ተገንፍቶ ስለ ወሊድ ሲወራ፣ አንድ ሰው ብቻ ቢጠይቅ ወሬው ወደ ጡት ለመሻገር ሩቅ አይደለም።

ካንሰሩ በኢትዮጵያ መልክ እንዲይዝ መቆጠር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2011 የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ተጀመረ፤ በከተማዋ የሚገኙ ታማሚዎችን እየተከታተለ የሚመዘግብ የመጀመሪያው ማኅበረሰብ አቀፍ መዝገብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጥር ሲወጣ በሴቶች ላይ ከተገኘው ካንሰር ሲሶ ገደማው የጡት ሆነ። ለመላ አገሪቱ የሚወጣው የ2020 ዓለም አቀፍ ግምት በዓመት ከ16,000 በላይ አዲስ ታማሚዎችንና 9,000 ያህል ሞትን ያስቀምጣል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው ሕመሙ በምን ደረጃ ላይ እያለ እንደሚገኝ ይገባዋል።

በሌላው ዓለም ምርመራው የተጓዘበት መንገድ ለገጠሯ ኢትዮጵያ እንዳለ የሚወሰድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1963 ኒው ዮርክ ውስጥ 62,000 ያህል ሴቶች የተካተቱበት የመጀመሪያው ትልቅ የማሞግራፊ ሙከራ ተጀመረ። በ1977 ደግሞ ስዊድን በሁለት አውራጃዎቿ ሴቶችን በደብዳቤ እየጠራች መረመረች፤ በ1985 የወጣው ውጤት የጡት ካንሰር ሞት በ31 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ከዚያ በኋላ ማሞግራፊ የቅድመ ምርመራ ሌላ ስሙ ሆነ። ሥራው የቆመው ግን ቤቱ የፖስታ አድራሻ ባለው ሰው፣ ማሽኑን በሚጠግን ቴክኒሺያን፣ ፎቶውን በሚያነብ ራዲዮሎጂስት ላይ ነው። ማሞግራፊ ይበልጥ የሚረዳውም ከ50 ዓመት በላይ ያሉትን ነው። የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ እባጩ በፎቶው ላይ ተሸፍኖ ሊቀር ይችላል፤ ታማሚዎቿ በአብዛኛው በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ላሉ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ሴቲቱ ራሷን በየወሩ እንድትመረምር ማስተማር ነበር። ይህ ለድሃ አገር ርካሽ ነውና ብዙዎች ተስፋ አደረጉበት። ሻንጋይ ውስጥ ከ1989 ጀምሮ 266,000 ያህል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች በሁለት ተከፍለው ተጠኑ። ግማሾቹ ራሳቸውን እንዲመረምሩ ከፍ ባለ ትጋት ሠለጠኑ፤ ግማሾቹ አልሠለጠኑም። ከዐሥር ዓመት ያህል ክትትል በኋላ በሠለጠኑት ወገን 135፣ ባልሠለጠኑት ወገን 131 ሴቶች በጡት ካንሰር ሞቱ። ልዩነት የለም። በሠለጠኑት ዘንድ የበዛው ካንሰር ላልሆነ እባጭ የተደረገ የናሙና ቀዶ ሕክምና ነበር። ይህ ውጤት ከወጣ ወዲህ ብዙ ባለሙያዎች ‘በየወሩ እንዲህ አድርጊ’ ከሚለው ሥርዓት ይልቅ ‘የጡትሽን ነገር እወቂ፣ ከወትሮው የተለየ ካየሽ ቶሎ ነይ’ ወደሚለው ምክር አዘነበሉ። አሁንም ግን በየዓመቱ በጥቅምት፣ በጡት ካንሰር ግንዛቤ ወር፣ ሮዝ ቀለም ባላቸው በራሪ ወረቀቶች ላይ የድሮው መመሪያ አንዳንዴ ብቅ ይላል።

ሦስተኛው መንገድ የሠለጠነ ሰው እጅ ነው፤ ለኢትዮጵያ የሚቀርበውም ይህ ነው። የሙምባዩ ታታ መታሰቢያ ሆስፒታል ከ1998 ጀምሮ በከተማው ድሃ ሰፈሮች ከ35 እስከ 64 ዓመት የሆናቸውን ከ151,000 በላይ ሴቶች አካትቶ ሙከራ አደረገ። ማሽን የለም፤ የሠለጠኑ ሴት የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ ጡትን በእጃቸው ይመረምራሉ። በ2021 የታተመው የሃያ ዓመት ውጤት እንዳሳየው፣ በዚህ መንገድ ካንሰሩ ቀደም ባለ ደረጃ ተገኘ፤ ከ50 ዓመት በላይ ባሉት ዘንድ ሞት በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከ50 በታች ባሉት ግን የሞት መቀነስ አልታየም። ይህን የመጨረሻውን ውጤት ዘመቻ የሚያዘጋጅ ሰው መደበቅ የለበትም።

ለኢትዮጵያ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከጎረቤት፣ ዓባይ ወርዶ ከሚያጠጣው የሱዳን ጀዚራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 በጀዚራ ገጠር የመንደር ሴቶች በፈቃደኝነት ሠልጥነው ጎረቤቶቻቸውን ቤት ለቤት እየዞሩ መረመሩ። በከረሜት አካባቢ ከሚኖሩ 14,788 ሴቶች 10,309ኙ ታዩ። 138ቱ ላይ ያልተለመደ ነገር ተገኘ፤ 118ቱ ሆስፒታል ሄዱ። 101ዱ ካንሰር የላቸውም ተብለው ተመለሱ። በ17ቱ ላይ ካንሰር ወይም ገና ከቦታው ያልተንቀሳቀሰ ካንሰር ተገኘ፤ ከእነዚህ 12ቱ ሕክምናቸውን ጨርሰው ከሕመሙ ነጻ ሆነዋል። ለማነጻጸሪያ ከተያዙት መንደሮች በዚያው ጊዜ ሐኪም ቤት የሄዱት አራት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ አንዷ ካንሰር የለባትም ተባለች፣ የሦስቱ ሕመም ግን ጸንቶ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ጥናቱም ሙከራ ነው። ሆኖም ከ118 ሴቶች ለ101ዱ ‘ካንሰር የለብሽም’ መባሉ ገጠር ለገጠር የሚያስተምር ሰው ሊይዘው የሚገባ ቁጥር ነው። ሴቲቱን ከቤቷ የሚያስወጣት የሞት ማስፈራሪያ ሳይሆን አብዛኛው እባጭ ካንሰር አለመሆኑ ነው።

ምርመራው ራሱ ከዐሥር ደቂቃ አይበልጥም። በሩ የሚዘጋ ክፍል ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሴቲቱ ተቀምጣ፣ እጇን አንዴ ወደ ላይ ዘርግታ፣ አንዴ ወገቧ ላይ አድርጋ ትታያለች፤ የጡቶቿ መመሳሰል፣ የቆዳው መሸብሸብ፣ የጡቱ ጫፍ አቅጣጫ ይጤናል። ከዚያ በጀርባዋ ትተኛለች፤ የምትመረመረው ጡት ባለበት በኩል ያለው እጅ ከራሷ ሥር ይገባል። መርማሪዋ የሦስቱን መካከለኛ ጣቶቿን ጫፍ ሳይሆን ሆድ ትጠቀማለች። ከብብት ጀምራ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እየተመላለሰች፣ ጣቷን ሳታነሳ በትንንሹ ታዞራለች፤ በእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ጊዜ፣ መጀመሪያ ሳታጠብቅ፣ ቀጥሎ መካከለኛ፣ በመጨረሻ እስከ ጎድን አጥንት። ብብትና ከአንገት አጥንት በላይ ያለው ስፍራ መረሳት የለበትም። ልምድ ያላት እጅ በጣቷ ሥር የሚንሸራተተውን ለስላሳ እባጭና ከሥሩ ተጣብቆ እንቢ የሚለውን ጠንካራ እባጭ ትለያለች። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይማሩትም፤ በሰው ላይ ደጋግሞ በመዳሰስ ነው።

የገጠሯ ሴት ለካንሰር ምርመራ የተጠራችው መጀመሪያ በጡት ሳይሆን በማሕፀን በር በኩል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አዲስ ተስፋ የተባለው ፕሮጀክት ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውን ሴቶች በአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ከኮምጣጤ ብዙም በማይለይ ፈሳሽ፣ መመርመር ጀመረ። ፈሳሹ ሲቀባ ነጭ የሚሆነው ቦታ እዚያው በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ይታከማል። የኋላ ኋላ ምርመራው በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ደግሞ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባት መጣ። ጡት እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም። ለጡት ክትባት የለም፤ አንድ ቀን ታይቶ በዚያው ቀን የሚታከምበት ዘዴም የለም። ቢሆንም ለማሕፀን በር የተጠራችውን ሴት እዚያው አልጋ ላይ ጡቷንም ማየት የሚጨምረው ደቂቃዎችን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 የሚዘልቀው የመጀመሪያው ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ ሁለቱን ካንሰሮች ጎን ለጎን ያነሳቸው ያለምክንያት አልነበረም። ሁለተኛው ትውልድ የሚባለው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ተላላፊ ያልሆኑ ሕመሞችን ወደ ዝርዝሩ አስገብቷል።

በከተማም ግፊት ነበር። ልጁን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጣው አባት ወንዱ በቀለ ያቋቋመው የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ ካንሰር በአደባባይ በስሙ የማይጠራ ሕመም በነበረበት ዘመን ጉዳዩን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ላይ ደጋግሞ አነሳ። ከአገሪቱ ሩቅ ማዕዘን ለሕክምና መጥተው ማደሪያ ያጡ ታማሚዎችንም አስጠግቷል።

ከሁሉ የከበደው ግን እባጩ ከተገኘ በኋላ ያለው ነው፤ ዘመቻዎች ብዙ ጊዜ የሚያቆሙት እዚህ ነው። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ በሪፈር ወደ ክልል ከተማ፤ በየደረጃው ለመኪና፣ ለአስታማሚ፣ ለማደሪያ ይከፈላል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በ13 ወረዳዎች ሙከራው ተጀምሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሕክምናውን ወጪ ሊሸፍን ይችላል፤ መሣፈሪያውንና በከተማ የሚበላውን ግን አይሸፍንም። አጃቢው ባል ከሆነ ማረሻው ይቆማል፤ ታላቅ ልጅ ከሆነች ትምህርቷን ታቋርጣለች።

አይራ ሌላ ዓይነት ምሳሌ ነው። ምዕራብ ወለጋ ያለው የአይራ ሆስፒታል ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ ከጀርመኑ የሃሌ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር የጡት ካንሰር ያለባቸው የገጠር ሴቶች በአቅራቢያቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ታሞክሲፈን እንዲወስዱ ተደርጓል። ታሞክሲፈን በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ የተቀመመ፣ ዛሬ በርካሽ የሚገኝ፣ በቀን አንድ ፍሬ ለአምስት ዓመት የሚዋጥ መድኃኒት ነው። የሚሠራው እባጩ የኤስትሮጅን ተቀባይ ካለው ነው። በአፍሪካ ሴቶች ዘንድ ይህ ዓይነቱ ጥቂት ነው ይባል ነበር፤ በአዲስ አበባ ታማሚዎች ላይ የተደረገው ጥናት ግን 65 በመቶው ተቀባይ እንዳላቸው አሳየ። ይህ ማለት ለአብዛኛዋ የገጠር ሴት ትርጉም ያለው ሕክምና ጨረርም ሆነ ውድ መርፌ ሳይደረስ ሊጀመር ይችላል ማለት ነው። የተረፈው ፈተና አምስት ዓመት ሙሉ ሳያቋርጡ መዋጥ ነው፤ በስምንት ሆስፒታሎች የተደረገ ሙከራ ነርሶች ሠልጥነው ታማሚዎችን ሲያስታውሱና ሲያማክሩ መድኃኒቱን የሚያቋርጡት እንደሚቀንሱ አሳይቷል።

የጨረር ሕክምናውም አንድ ቦታ ተወስኖ አልቀረም፤ ጅማና ሐረር ማሽን ገብቶላቸዋል፣ በጥቁር አንበሳም ኮባልቱን የሚተካ ዘመናዊ መሣሪያ ተተክሏል። መንገዱ ግን ሁልጊዜ ወደ ፊት ብቻ አልሄደም። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት መቀሌ የሚገኘው የዓይደር ሆስፒታል የካንሰር ክፍል መድኃኒት አልቆበት ታማሚዎቹን ባዶ እጃቸውን ሸኝቷል።

የዓለም የጤና ድርጅት ለአገሮች ሦስት ልክ አስቀምጧል፦ ከጡት ካንሰር ታማሚዎች ቢያንስ 60 በመቶው በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ላይ እያሉ ይገኙ፤ ሴቲቱ ጤና ተቋም በመጣች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራው ተጠናቅቆ ውጤቱ ይታወቅ፤ 80 በመቶው የታዘዘላቸውን ሕክምና ይጨርሱ። ለኢትዮጵያ ገጠር ፈታኙ መሃለኛው ነው። 60ው ቀን በምን እንደሚያልቅ ማስላት ከባድ አይደለም። ወረዳ የሚወስደው መኪና የሚገኘው በገበያ ቀን ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ሳምንት እዚያ ሄደ። ናሙናው በመርፌ የሚወሰድበት ሆስፒታል ለሌላ ቀን ይቀጥራል። የተወሰደው ናሙና ፓቶሎጂስት ወዳለበት ከተማ ይላካል፤ ፓቶሎጂስቱ የብዙ ወረዳ ናሙና በፊቱ አለው። ውጤቱ ሲደርስ ሴቲቱ ወደ አገሯ ተመልሳለች፤ ስልክ ከሌላት የሚያገኛት የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብቻ ናት። ሆስፒታሉ ደግሞ ለጤና ኬላዋ ደውሎ የመንገር ግዴታ በብዙ ቦታ የለበትም፤ ሪፈር ወረቀቱ ወደ ላይ ይሄዳል እንጂ ወደ ታች ሲመለስ እምብዛም አይታይም። ይህን የመልስ ጉዞ ለማስተካከል ማሞግራፊ መግዛት አያስፈልግም፤ አንድ የስልክ ቁጥርና የቤተሰቡን ማኅደር የያዘችውን ሴት ስም በሪፈሩ ጀርባ ላይ መጻፍ ይበቃል።